የእንግሊዝኛ መምህሩ ዓመቱ ሳያልቅ ለምን ሄደ?

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና ወይም መሐል ሜዳ የተማረ ሰው ስለ አንድ የውጭ አገር መምህር የሚያወራው አያጣም። ታላላቆቻችን ስለ አሜሪካውያኑ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) በጎ ፈቃደኛ መምህራንና ስለ ህንዶቹ ያጫውቱናል፤ ታናናሾቻችን ደግሞ በቅርብ ዓመታት ስላዩዋቸው በጎ ፈቃደኞችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን። ጨዋታው ብዙ ጊዜ የሚቋጨው «ዓመቱ ሳያልቅ ሄደ» በሚል ነው። ለምን ሲባል ሁሉም የራሱ መልስ አለው። አንዱ የደብረ ብርሃን ብርድ አባረረው ይላል። ሌላው ምግቡ አልተስማማውም፣ ደመወዙ አነሰው፣ አገሩ ናፈቀው ይላል። ተማሪዎቹን የጠየቀ ግን ሌላ ይሰማል። «ጠልቶን ነው» ይላሉ።

በዚህ በሰሜን ሸዋ ዞን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ይህን መልስ ከልጆች አፍ ስሰማ አንጀቴ ይቆስላል። ልጅ «እኛ ዘንድ ሰው አይቀመጥም» የሚል ሐሳብ ይዞ ማደግ የለበትም። መልሱም ትክክል አይደለም። ከአገሩ ርቆ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው፣ በሴኡልም ይሁን በሪያድ ወይም በደብረ ብርሃን፣ ውሉን ሳይጨርስ የሚሄደው በአመዛኙ በተማሪው ምክንያት አይደለም። ሲቀጠር የተነገረው ሥራና ደርሶ ያገኘው ሥራ አልገናኝ ሲሉት፣ ቅሬታውን ሰምቶ የሚያስተካክልለት ሲያጣ፣ ሥራውም ቤቱም የመኖሪያ ፈቃዱም በአንድ አሠሪ እጅ ሲወድቁበት ነው። ይህን በዝርዝር ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቀድሞ መሄድ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ መለየት ያስፈልጋል። እናቱ ታማበት የሚመለስ አለ፤ ራሱ ታሞ በሐኪም ትእዛዝ የሚወጣ አለ፤ የተሻለ ሥራ አግኝቶ በወግ ተሰናብቶ የሚሄድ አለ። መንግሥትና ጦርነት የሚያስወጡትም አለ። የሰላም ጓድን ታሪክ ብንወስድ፣ ድርጅቱ በ1961 ተቋቁሞ በማግሥቱ ዓመት ወደ 280 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች ኢትዮጵያ ገቡ። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሆኑ፤ ደብረ ብርሃንም ከደረሳቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተማሪዎች ተቃውሞ ሲበረታ «ይውጡልን» የሚለው ድምፅ በእነሱም ላይ ተነሣ፣ ብዙዎቹም ጊዜያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። በ1977፣ በደርግ ዘመን፣ ፕሮግራሙ ተዘጋ። በ1995 ተመልሶ በ1999 ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ሳቢያ ተቋረጠ። በ2007 እንደገና ተጀምሮ፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በኮሮና ምክንያት በዓለም ዙሪያ የነበሩት በጎ ፈቃደኞች በሙሉ ወደ አገራቸው ተጠሩ። በዚያ ሳምንት ሻንጣውን ይዞ የወጣ መምህር ማንንም አልከዳም። እኔ የማነሳው ማንም ሳያስገድደው፣ ብዙ ጊዜም ሳይሰናበት፣ የሚሄደውን ነው።

ማን ይቀጠራል?

እንግሊዝኛ ማስተማር በዓለም ላይ ትልቅ ገበያ ነው። በየዓመቱ ወጣቶች ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝ፣ ከካናዳ፣ ከደቡብ አፍሪካ ተነሥተው ወደ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ቻይና፣ ታይላንድና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሄዳሉ። አንዳንዱ የሚቀጠረው በመንግሥት ፕሮግራም ነው። ጄት የሚባለው የጃፓን ፕሮግራም በ1987 የተጀመረ ሲሆን ውሉ የአንድ ዓመት ነው፤ እየታደሰ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ኤፒክ የሚባለው የደቡብ ኮሪያ ፕሮግራም መምህሩን በመንግሥት ትምህርት ቤት መድቦ በሳምንት እስከ 22 ሰዓት እንዲያስተምር ያደርጋል። ሌላው በግል የቋንቋ ትምህርት ቤት ይቀጠራል፤ እነዚህ ከተማሪ ክፍያ የሚያተርፉ ንግድ ቤቶች ናቸው። በጎ ፈቃደኛው ደግሞ ከደመወዝ ይልቅ የኑሮ መደጎሚያ ይዞ ይሄዳል፤ የሰላም ጓድ የአገልግሎት ዘመን ከሥልጠናው ጋር 27 ወር ነው።

የደቡብ ኮሪያ የቋንቋ መምህርነት ቪዛ ለእንግሊዝኛ በመደበኛነት የሚሰጠው ለ7 አገሮች ዜጎች ነው፤ ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒው ዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያ ዲግሪው በማንኛውም የትምህርት ዘርፍ ሊሆን ይችላል። ይህ ደንብ በጣም ያሳዝነኛል። ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማረ የመንዝ ወይም የምንጃር መምህር በፓስፖርቱ ብቻ ይቀራል፤ አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ፣ ሒሳብ አያያዝ የተማረና ክፍል ፊት ቆሞ የማያውቅ ወጣት ይገባል። በደሉ ግን እኛ ላይ ብቻ የሚያርፍ አይደለም። ያ ወጣት ራሱ ያልተማረውን ሥራ ይሸከማል። ጥሩ ስም ያለው ሴልታ የሚባለው የማስተማር ሰርተፊኬት እንኳ ቢያንስ የ120 ሰዓት ኮርስ ሆኖ፣ ከዚያ ውስጥ ሰልጣኙ ተማሪ ፊት ቆሞ የሚያስተምረው 6 ሰዓት ነው። በ6 ሰዓት ልምምድ የሄደ ሰው በሁለተኛው ወር ግራ ቢጋባ የሚያስገርም አይደለም።

ውሉ፣ ቤቱና ቪዛው

ብዙው ወጣት ሥራውን የሚያገኘው በቀጣሪ ደላላ በኩል ነው። ደላላው ገንዘቡን የሚያገኘው ሰው በማቅረቡ ነውና የትምህርት ቤቱን ጉድለት ዘርዝሮ የሚነግርበት ምክንያት የለውም። ውሉ ላይ ለምሳሌ በሳምንት 30 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል። ሲደረስ ግን 30 ሰዓቱ ክፍል ውስጥ የሚቆምበት ብቻ ሆኖ ይገኛል። ዝግጅቱ፣ እርማቱ፣ ከወላጅ ጋር መነጋገሩ፣ ቅዳሜ አዲስ ተማሪ ለመሳብ የሚደረገው ትርኢት ከዚያ ውጭ ነው። ጠዋት ሕፃናትን፣ ማታ ከሥራ የተመለሱ አዋቂዎችን ያስተምራል፤ በመካከል ያለው ሰዓት ለዕረፍት አይበቃ፣ ክፍያ የለው። ለብቻው ይሰጥሃል የተባለው ቤት ከሌላ ሰው ጋር የሚጋሩት ሆኖ ያገኘዋል። እነዚህ ነገሮች አንድ በአንድ ሲታዩ ትንንሽ ናቸው፣ ተደምረው ግን ሰውየው ተታለልኩ ብሎ እንዲያስብ ያደርጋሉ። ይህ ስሜት ከገባ በኋላ ማንኛውም ትንሽ ነገር ለመሄድ ምክንያት ይሆናል።

በገዛ አገሩ ያለ ሠራተኛ ሥራው ካልተስማማው ሌላ ይፈልጋል። የውጭ አገር መምህር ግን ቪዛው ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው። በደቡብ ኮሪያ ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መዛወር የፈለገ መምህር የቀድሞው አሠሪው የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። በቻይናም የሥራ ፈቃዱ እንዲዛወር የቀድሞው አሠሪ መልቀቂያ ይጠየቃል። የሚኖርበትን ቤት የሰጠው ትምህርት ቤቱ ነው። እንግዲህ ከአለቃው ጋር የተጣላ መምህር በአንድ ቀን ሥራውን፣ ቤቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው አይጣላም። አቤቱታም አያቀርብም። የደመወዝ ቀን ይጠብቅና ገንዘቡ ባንክ ሲገባ ሌሊቱን አውሮፕላን ማረፊያ ይገኛል። መምህራኑ እርስ በርሳቸው «የእኩለ ሌሊት ሩጫ» ይሉታል። በማግሥቱ ጠዋት ተማሪዎቹ ክፍል ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እኔ ይህን አድራጎት ትክክል አልለውም፤ ነገር ግን ሰው በበሩ መውጣት ሲከለከል በመስኮት መውጣቱ የታወቀ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ጉዳይ አለ። በኮሪያ ሕግ አንድ ዓመት የሞላው ሠራተኛ ሲለቅ ቢያንስ የአንድ ወር አማካይ ደመወዝ ይከፈለዋል። ሐሳቡ መልካም ነው፣ ሠራተኛውን እስከ መጨረሻው ያቆያል። ሆኖም አንዳንድ የግል ትምህርት ቤት ባለቤቶች ይህን ገንዘብና የመመለሻ ቲኬቱን ላለመክፈል፣ በ11ኛው ወር ሰበብ ፈልገው መምህሩን እንደሚያሰናብቱ ለብዙ ዓመታት ሲነገር የኖረ ቅሬታ ነው። ስለዚህ «ሳይጨርስ ሄደ» ከሚባሉት መካከል በእርግጥ የተባረሩም አሉ።

የሰሜን ሸዋ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ወደ ዓረብ አገር ስለሄደች የጎረቤት ልጅ «ከአሠሪዋ ጠፋች» ሲባል ያልሰማ ማን አለ? ካፋላ በሚባለው የዓረብ አገሮች የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የተያያዘ ነው፤ ከቤቱ ከወጣች ሕገ ወጥ ተብላ ትያዛለች። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2021 ሠራተኞች አሠሪ እንዲለውጡ የሚያቀል ማሻሻያ ስታደርግ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። የፈረንጁ መምህር ችግር ከእህቶቻችን መከራ ጋር ፈጽሞ አይተካከልም። እሱ ፓስፖርቱ ኪሱ ውስጥ ነው፣ የቲኬት ገንዘብ አለው፣ ኤምባሲው ስልኩን ያነሳለታል። ማሰሪያው ግን ከአንድ ገመድ የተቆረጠ ነው፤ ሥራና መኖሪያ በአንድ ሰው እጅ ሲሆኑ፣ መብቱን ጠይቆ መቆየት የሚችለው ሰው እየጠፋ ይሄዳል።

አሠሪው ራሱ ሲወድቅም አለ። ኖቫ የሚባለው በወቅቱ በጃፓን ትልቁ የነበረው የቋንቋ ትምህርት ቤት በጥቅምት 2007 ሲከስር 4 ሺህ ያህል የውጭ አገር መምህራን ደመወዛቸው እንደቀረ መንገድ ላይ ቀሩ። በሐምሌ 2021 ደግሞ የቻይና መንግሥት የትርፍ ሰዓት የማስጠናት ንግድን በደንብ ሲያጠብቅ ብዙ የግል ማስተማሪያ ድርጅቶች ተዘጉ፤ ውጭ አገር ተቀምጠው ለቻይና ልጆች በኢንተርኔት ያስተምሩ የነበሩትም ሥራቸው ቆመ። እነዚህን ትጋት የላቸውም ብሎ መውቀስ አይቻልም።

ክፍሉ ውስጥ

የሥራው ዋና ክብደት ያለው ግን ክፍል ውስጥ ነው፤ እኔም በቅርብ የማውቀው እሱን ነው።

ኮርሱን ወስዶ የመጣ መምህር የተማረው፣ መምህሩ ጥቂት ይናገር፣ ተማሪው ብዙ ይናገር የሚል ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገሩ፣ ይጫወቱ፣ ይሳሳቱ። አሁን ወደ አንድ 9ኛ ክፍል እንግባ። ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ከ60 በላይ ልጆች አሉ። መጽሐፉ ለሁለት፣ ለሦስት አንድ ነው። መምህሩ በእንግሊዝኛ «ከጎናችሁ ካለው ጋር ተነጋገሩ» ይላል። ክፍሉ ጭጭ ይላል። ልጆቹ ደብተራቸውን ገልጠው፣ እስክሪብቶ ይዘው ሰሌዳውን ያያሉ፤ ኖት እየጠበቁ ነው። ቀስ አድርጎ ይደግመዋል። ከኋላ አንዱ ለጓደኛው በአማርኛ ይተረጉምለታል፣ ሌላው ይስቃል፣ ወዲያው ክፍሉ በሙሉ በአማርኛ ወሬ ይሞላል። ጫጫታው ኮሪደር ይወጣል። የጎረቤት ክፍል መምህር በሩን ገርበብ አድርጎ ብቅ ሲል ልጆቹ ባንዴ ዝም ይላሉ። ለእንግዳው ዝም አላሉም፣ ለእሱ ግን ዝም አሉ። መምህሩ ያን ዕለት ወደ ቤቱ የሚሄደው ክፍሉን መያዝ አለመቻሉን ሁሉም እንዳየበት እያሰበ ነው።

ልጆቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው፤ የወደፊት ዕድላቸውም የሚወሰነው በ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ለትምህርት ዘመኑ ፈተና ከተቀመጡት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማ ወላጅ ልጁ ክፍል ውስጥ ጨዋታ ተጫወተ ሲባል ቢቆጣ አይፈረድበትም። እንግዳው መምህር ደግሞ ቋንቋ ሳይነገር እንደማይለመድ ያውቃል፤ እሱም ልክ ነው። ሁለት ልክ የሆኑ ሰዎች ሳይነጋገሩ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ አንዱ መሸሹ አይቀርም፤ የሚሸሸውም መሄጃ ያለው ነው።

በጃፓን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ተቃራኒው ነው። እዚያ የውጭ አገሩ ሰው ረዳት ነው፤ ዋናው መምህር ጃፓናዊ ነው። ረዳቱ አንቀጹን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ልጆቹ ይደግማሉ፣ ከዚያ ዳር ይቆማል። በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜም ያለ ሥራ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የሚውልበት ቀን አለ። ሥራ የበዛበት ሰው እንደሚሄድ ሁሉ የማይፈለግ የመሰለውም ይሄዳል።

ፀሐይ ስትጠልቅ

የደብረ ብርሃንን ብርድ እዚህ ላይ ላንሳ፣ ሁሉም የሚያነሳው ምክንያት ነውና። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ማሞቂያ የለም። ግን ባና ለብሶ ወይም ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ የማይተኛ የለም፤ ከካናዳ የመጣ ሰውማ ከዚህ የባሰ ብርድ ያውቃል። በእኔ እምነት ሰውየውን የሚያስመርረው ብርዱ ሳይሆን በብርዱ ምክንያት ሁሉም በጊዜ ቤቱ መግባቱ ነው። ከ12 ሰዓት በኋላ ሰው በየእሳቱ ዳር ይሰበሰባል፣ እሱ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ከአንድ አምፖል ጋር ይቀራል። ቀን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ መንገድ ላይ ብቻውን መሆን አይችልም። «ፈረንጅ!» «ዩ! ዩ!» እየተባለ ይሄዳል፤ በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ሴት መምህር ከሆነች በዚህ ላይ ለከፋው አለ። ይህን እንደ ጨዋታ የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ነውር ነው እላለሁ። በየዕለቱ ወደ ሱቅ ለመሄድ ልቧን ማጽናት ያለባት ሴት ለምን ሄደች ተብላ መጠየቅ አይገባትም።

አንትሮፖሎጂስቱ ካለርቮ ኦበርግ በ1950ዎቹ ይህን ዓይነቱን ሁኔታ «የባህል ድንጋጤ» በሚል ስያሜ አስተዋወቀ። የሚያስረዳው ቀላል ነገር ነው። ሰው ሰላምታ መቼ እንደሚሰጥ፣ ግብዣ መቼ እንደሚቀበልና መቼ እንደሚግደረደር፣ ሰው ሲስቅ የምር ይሁን በሐፍረት በአገሩ ሳያስብ ያውቃል። ሌላ አገር ሲሄድ ይህ ዕውቀት ባንዴ ይጠፋበታል፤ ጤነኛ አዋቂ ሆኖ እንደ ሕፃን ይደናገራል። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ስቬሬ ሊስጎርድ ደግሞ በ1955 ባሳተመው ጥናት፣ ወደ አሜሪካ ሄደው የተመለሱ 200 የአገሩን ሰዎች አጥንቶ፣ ከ6 ወር በታች የቆዩትና ከ18 ወር በላይ የቆዩት በደህና ሲላመዱ፣ ከ6 እስከ 18 ወር የቆዩት ግን ከሁሉ የከፋ ችግር ላይ እንደነበሩ አገኘ። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሁሉም ሰው በዚህ መንገድ አያልፍም፣ ብዙዎች ከሁሉ የሚቸገሩት ገና እንደደረሱ ነው ብለው ተከራክረዋል። ያም ሆኖ የሊስጎርድ ግኝት ስለ መምህራን አንድ ነገር ያሳስበኛል። የአንድ ዓመት ውል ሁለተኛው አጋማሽ የሚውለው በዚህ ከባድ ጊዜ ውስጥ ነው። በ8ኛው ወር የሚሄድ መምህር ከሁሉ ከባዱ ወር ላይ ቆሞ የወሰነ ሊሆን ይችላል።

ይህን ጊዜ የሚያሻግረው ብዙ ጊዜ ሰው ነው። «ልጄ፣ ብቻህን ምን ትሠራለህ? ና ግባ፣ ቡና ተፈልቷል» የሚሉ አከራይ እናት ያገኘ መምህርና በግቢው ማንም የማያናግረው መምህር አንድ ዓይነት ዓመት አያሳልፉም። አብሬው የሠራሁ አንድ በጎ ፈቃደኛ ገና ሳይመጣ በፊት ስለ ኢትዮጵያ ብዙ አንብቦ ነበር፤ በታኅሣሥ ግን ሻንጣውን ሊያስር ደርሶ ነበር። ያቆየው ንባቡ አልነበረም። አንደኛው ምክንያት እንዲህ ያሉ እናት ናቸው። ሁለተኛው፣ ርእሰ መምህሩ ሥራውን መቀየራቸው ነው፤ ሙሉ ክፍል ብቻውን ከመያዝ ይልቅ ከእኔ ጋር አብሮ እንዲገባና ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝኛ ክበብ እንዲመራ ተደረገ። እኔ ሰዋስውንና የፈተናውን ዝግጅት ያዝኩ፣ እሱ ንግግሩን ያዘ። ክበቡ በፈቃድ ስለሆነ መናገር የሚፈልጉት ልጆች ብቻ ይመጡ ነበር፤ ያ ቀን ሙሉ ጭጭ የሚል 9ኛ ክፍል እዚያ ሲከራከር ብትሰሙት አታምኑም።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። ደመወዝ ያስመጣል፣ ሰውን የሚያስሄደው ግን አልፎ አልፎ ነው፤ በተለይ የትምህርት ብድር ያለበት ሰው የመጀመሪያውን የአውሮፕላን ቲኬት ከኪሱ ከፍሎ፣ የመጀመሪያውን ደመወዝ አንድ ወር ሙሉ ጠብቆ፣ ከዚያ የተነገረው ገንዘብ ተቆራርጦ ሲደርሰው።

ተማሪው የሚያጣው

መምህር በመካከል ሲሄድ ክፍለ ጊዜው ለቀሩት ይከፋፈላል። የሳምንት ጫናው የሞላ መምህር ሌላ ሁለት ክፍል ይጨመርበታል፤ ክፍሎቹ ይጣመራሉ ወይም ልጆቹ ሜዳ ላይ ይውላሉ። ይህ የሚታየው ጉዳት ነው። የማይታየው፣ ዓይናፋር የነበረች ልጅ አንድ ሰሚ አግኝታ መናገር በጀመረችበት ወር ሰሚዋ መጥፋቱ ነው። ሁለተኛ መምህር ሲመጣ ልጆቹ ስሙን ከመጠየቃቸው በፊት «ቲቸር፣ መቼ ነው የሚሄዱት?» ይላሉ። ይህን ጥያቄ ራሴ ሰምቼዋለሁ፤ ጥያቄው የተነሣው ከጥላቻ አይደለም፣ ልብ ላለመስጠት ከመጠንቀቅ ነው። ስለዚህ መሄድ ግድ የሆነበት መምህር ለርእሰ መምህሩ ብቻ ሳይሆን ለተማሪዎቹ ምክንያቱን በአንደበቱ እንዲነግራቸው አጥብቄ እለምናለሁ። የደረሰበትን ምዕራፍና የውጤት መዝገቡን ለሚተካው ያስረክብ። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ስንብት ለብዙ ዓመት የሚተርፍ ጥርጣሬን ይከላከላል።

የተቀባዩ ትምህርት ቤት ድርሻ ደግሞ ከዚያ በፊት ይጀምራል። ማስታወቂያው እውነቱን ይናገር፤ ክፍሉ 60 ተማሪ አለው፣ ውኃ በፈረቃ ነው፣ መብራት ይጠፋል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ይህን አንብቦ የሚቀር ሰው ቢቀር ይሻላል፤ አንብቦ የመጣው ግን ተታለልኩ አይልም። ሁለት ዓመት ብሎ በሦስተኛው ወር ከሚጠፋ፣ አንድ መንፈቅ ብሎ መንፈቁን የሚጨርስ መምህር ለተማሪው ይበልጣል። ከመምጣቱ በፊት የሚቆለፍ በር ያለው ቤት ይዘጋጅ። ከአለቃው ሌላ፣ ቅሬታውን የሚነግረው አንድ የሥራ ባልደረባ በስም ይመደብለት። በሁለተኛው ወር ላይ ርእሰ መምህሩ ሻይ ጋብዘው «ያልተስማማህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁት። እዚህ ያለን ሰዎች እንግዳ ስንቀበል ደግሰን ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ዶሮ ወጥ የማይበላበት ቤት የለም። እንግዳው ግን ይበልጥ የሚቸገረው ግብዣው ካለቀ በኋላ ባሉት ወሮች ነው።

ከእኛም መካከል ለማስተማር ወደ ውጭ ለመሄድ የሚያስቡ ባልደረቦች አሉ፤ የሰማኋቸውን ልምዶች ላካፍላቸው። አሠሪው ከመረጠላችሁ ሰው ይልቅ አሁን እዚያ ከሚሠራ፣ ከተቻለም በቅርቡ ከለቀቀ መምህር ጋር ተነጋገሩ፤ የለቀቀውን ለምን እንደለቀቀ ጠይቁት። ቪዛው በማን ስም እንደሆነና በ6ኛው ወር ብትለቁ ምን እንደሚሆን ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ይመለስላችሁ። ውሉ የሚያወራው ስለ ማስተማሪያ ሰዓት ነው ወይስ ስለ ሥራ ሰዓት፣ ቃሉን ለዩ። የጎብኚ ቪዛ ይዘህ ግባና ከደረስክ በኋላ ይስተካከላል የሚል ደላላ ከገጠማችሁ እዚያው አቁሙ። ፓስፖርታችሁን ለማንም በአደራ አትስጡ። የመመለሻ ቲኬት የሚገዛ ገንዘብ በራሳችሁ ሒሳብ ይቀመጥ፣ የውሉ አንድ ቅጂም ቤተሰብ ዘንድ ይኑር።